አንድ ማቀዝቀዣ ለእሜቴና ለአረሜ

እኛ በምንሠራበት ግቢ ሁለት ቤት አለ፤ በስተቀኝ የፓንዳዋ፣ በስተግራ የኔ ገንዳ። ጎብኚ ከዋናው በር ሲገባ እግሩ በራሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እኔ ጋ የሚመጣው ወይ መጸዳጃ ቤት ጠፍቶበት ነው፣ ወይ ዝናብ አባርሮት ነው። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እሺ፣ በቅናትም ነው፤ ምን ይጠበስ!

ገንዳዬ ውስጥ ያለው ኬልፕ ነው። የባሕር ውስጥ ጫካ በሉት። ከታች ድንጋይ ጨብጦ፣ ሦስት ፎቅ የሚያክል ውሃ ሰንጥቆ እስከ ላይ ይደርሳል፤ ቡናማ ቅጠሉ እንደ ረጅም ሻሽ ይወዛወዛል። ሥር የለው፣ አበባ የለው፣ አፍ የለው። እንስሳ አይደል፣ እንደ አዋቂዎቹ አነጋገርማ በደንቡ ተክልም አይደለም። ብርሃንና ቀዝቃዛ ውሃ ከሰጡት ግን አንድ ቀን አድሮ ክንድ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያድጋል። ጠላቂ ዋናተኛ ነኝና ልብሴን ለብሼ፣ የአየር ሲሊንደሬን አዝዬ እገባና እገርዘዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ድንጋዩን የለቀቀውን መልሼ አስረዋለሁ። ታናሽ እህቴ "አረምሽ" ነው የምትለው። "እትዬ፣ አረምሽ ደህና አደረ?" ትለኛለች በየጠዋቱ፣ ለማብገን።

እህቴ ሚጡ የፓንዳዋ ተንከባካቢ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ከኔ በቁመት ብትበልጥም ሚጡነቷ አልቀረላትም። ለፓንዳዋ ደግሞ እኔ ስም አውጥቼላታለሁ፤ እሜቴ። ሌላ ምን ትባል? ቁጭ ብላ ቀርከሃ ትቆረጥማለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳና ደግሞ ትቆረጥማለች። ፈጣሪ የሥጋ በል ሆድ ሰጥቷት እሷ ከቀርከሃ ሌላ ብቀምስ ሞቼ እገኛለሁ ብላ፣ ከምትበላው አብዛኛው እንዳለ ይወጣል፤ ሚጡ ትጠርጋለች።

እራት ላይ ስንቀመጥ ክርክራችን ይኸው ነው።

"ያንቺዋ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው ወንድ ትዝ የሚላት፤ እሱም ተለምና" እላታለሁ። "የኔው ጊዜው ሲደርስ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ውሃው ላይ በትኖ ማንንም አያስቸግርም።"

"ከሚሊዮኑ አንዱን እንኳ አቅፎ ያውቃል ታዲያ?" ትላለች ሚጡ። "እሜቴ አንድ ብትወልድም አቅፋ ነው።"

እዚህ ላይ አፌን እዘጋለሁ። አምና እሜቴ የወለደችውን እንዳቀፈች እንቅልፍ ጣላትና ተኛችበት። ሚጡ በካሜራ እያየች ነበር፤ ሮጣ አልደረሰችም። ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ምግብ አልዋጥላት ብሎ ለወራት ከሳች፤ በእንቅልፏም እየባነነች "ተነሺ! ተነሺ!" ትል ነበር። ዘንድሮ እሜቴ እንደገና ስትወልድ እህቴ ደስታዋን እንኳ ፈርታ ነው የተደሰተችው። ግልገሏን አሳየችኝ፤ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጠጉር የሌላት፣ ዓይኗ ያልተገለጠ ሮዝ ነገር። እናትየው ሶፋ ታክላለች፤ ልጂቱ የሶፋውን ትራስ አታክልም።

"ይቺ ከሞተችብኝ አብዳለሁ፣ እትዬ" አለችኝ። "የምሬን ነው።"

"አፍሽን ቁረጪው!" አልኳት። ነገር ግን እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ።

በዚያው ሰሞን የኔም ደርሶለት ነበር። ይህ ኬልፕ ከየትም የመጣ አይደለም። ከአንድ ባሕረ ሰላጤ ገና ቡቃያ ሳለ በእጄ ነቅዬ ያመጣሁት ነው። ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ውሃ ሞቆ ሞቆ፣ ያ ሰላጤ ዛሬ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ ድንጋይ ሆኗል፤ ሄጄ ጠልቄ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ቅጠል የለችም። የዚያ ዘር የቀረው እኔ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። ፓንዳ እንኳ በሌላ አገር በሌላ ግቢ ይገኛል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ባሉት ጥቂት ቅጠሎች ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ወጣ። ያ ነው ዘሩ። ሲበስል ቆርጬ፣ አርግፌ፣ ለሌሎች ገንዳዎች ላከፋፍል ቀኑን እየጠበቅኩ ነበር። ለማን ልንገረው? ጎብኚው እንደሆነ በስተቀኝ ነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት ሙቀቱ ገና ሳይረፍድ የሚያቃጥል ሆነ። የግቢው መካኒክ፣ ቡሎን ነው የምንለው፣ ከማሽን ክፍሉ ፊቱን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና "የፓንዳዋ ማቀዝቀዣ አበቃለት" አለ። "ሞተሩ ተቃጥሏል። ዕቃው ነገ ነው የሚገኘው፤ እሱም ከተገኘ።"

አለቃችን እየሮጡ መጡ። ሚጡ ከቤቱ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እሜቴ ማለክለክ ጀምራለች" አለች። "ከዚህ በላይ ከሞቃት እረፍት ታጣለች። እረፍት ካጣች ደግሞ ትገላበጣለች።"

መገላበጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሜቴን ወደ ሌላ ክፍል እንውሰዳት እንዳይባል፣ ወላድ ፓንዳ ከጎሬዋ ከተነቃነቀች ልጇን ትጥላለች። በማደንዘዣ እንዳይባል፣ ጡት ታጠባለች።

ቡሎን ወደኔ ዞር አለና ጭንቅላቱን አከከ። "የሷ ገንዳ ማቀዝቀዣ ደህና ነው" አለ። "ሁለቱን የሚያገናኝ ቧንቧ አለ። ቫልቩን ብንከፍተው የገንዳው ቅዝቃዜ ወደ ፓንዳዋ ቤት ይሄዳል። ለሁለቱ ግን አይበቃም። ገንዳው ይሞቃል።"

"ምን ያህል?" አልኩት።

"በዚህ ፀሐይ? ነገ ጠዋት ገላ መታጠቢያ ነው።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" አሉ አለቃችን። "አረም እኮ ነው፣ እህቴ! ይበቅላል!"

ደሜ ፈላ። "እርስዎ ፀጉርዎ ይበቅላል፤ ራስዎን ሲቆርጡት ግን አይበቅልም!" አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። በረዶ ይምጣልኝ አልኩ። ቡሎን የከተማው ዓሣ ነጋዴ በረዶ ሁሉ ቢመጣ ለዚያ ውሃ ምራቅ እንደመትፋት ነው አለ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሚጡ ግን አላየችኝም፤ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። ብትለምነኝ እቆጣ ነበር፤ እጣላት፣ እጮህባት ነበር። አልለመነችኝም።

"እኔ ክፈቺ አልልሽም፣ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "የሰላጤውን ነገር አውቃለሁ።"

ይኸው ነው የጨረሰኝ። በየጠዋቱ አረም ስትለው የኖረችው ልጅ ለካ ስነግራት ትሰማኝ ኖሯል።

"በይ ወዲያ!" አልኳት። "ሂጂ፣ ልጅሽ ጋ ሂጂ።"

በፍጥነት አሰብኩ። ጫካው ይሞታል፤ ዘሩ ግን ዛሬ፣ ውሃው ሳይሞቅ ከተቆረጠ፣ ቀዝቃዛ ባልዲ ውስጥ ሊቆይ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊያድር ይችላል። የፓንዳ ልጅ እንዲህ አትቀመጥም። የኔው ግን በዓይን እስከማይታይ ድረስ አንሶ ሊሸሸግ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን እንደ ጸጋ ቆጠርኩት።

ማሽን ክፍሉ ገባሁና ቫልቩን ያዝኩ። ሳልሰስት ከፈትኩት፤ ዳር እስከ ዳር። አንዴ ከሰጠሁ ጥርቅም አድርጌ ነው የምሰጠው። ዕድሜዬን ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለኔ ቅዝቃዜ ሕይወት ነው፣ ሙቀት ሞት። ሲበርድ ለማንም ይበጀዋል፣ ሲበዛ ደግሞ እጅግ ይበጀዋል ብዬ ነው በልቤ። በሩን እንደ ልማዴ ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ቡሎን ዕቃ ፍለጋ ሄደ፣ አለቃችን ጎብኚ ለመመለስ ወደ በሩ ሮጡ፣ እኔም ልብሴን ለብሼ ጠለቅሁ።

ከታች ጸጥታ ነው። ከአየሩ ፉጨት በቀር ምንም አይሰማም። ነጥብ የያዙትን ቅጠሎች አንድ በአንድ እየቆረጥኩ ከወገቤ ባንጠለጠልኩት መረብ ውስጥ እከታለሁ። ጣቶቼ ከብርዱ መደንዘዝ ጀምረዋል። መረቡ ሲሞላ ወጥቼ፣ ገንዳው ዳር ካለው ባልዲ ገልብጬ፣ እንደገና ጠለቅሁ። የመጨረሻዎቹን ቆርጬ ሳበቃ ቀና ስል፣ በጎብኚዎች መስታወት በኩል፣ በቅጠሎቹ መሐል፣ የእህቴን ፊት አየሁ።

መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድበዋለች። አፏ ተከፍቷል። ድምጽ የለም።

ደስ ብሏት ልታመሰግነኝ የመጣች መሰለኝ። የሞኝ ነገር! መረቤን ከፍ አድርጌ "ይኸው፣ ዘሩን አተረፍኩት" ለማለት አሳየኋት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ተንቀጠቀጠች። እንደ በረደው ሰው።

ያኔ ገባኝ። ወይ አምላኬ፣ ያኔ ገባኝ! የፓንዳ ልጅ ገላዋን የምታሞቅበት ጠጉር የላትም፣ ስብ የላትም። እናቷ ቅዝቃዜ ትሻለች፤ ልጂቱ የእናቷን ሙቀት ነው የምትሻው። እኔ እናትየውን ብቻ አስቤ፣ ልጂቱን እንደ ኬልፕ ዘር ቆጠርኳት።

ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። መረቡን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት፤ ባልዲው ፀሐይ እየመጣበት እንደነበር አየሁ፤ አየሁ እኮ፣ አላየሁም አልልም። ወደ ጥላው ለመሳብ ጎንበስ ስል ሚጡ ደረጃው ላይ ደርሳ ጮኸች።

"እሜቴ ቀዝቀዝ ሲላት ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ልጇን ሲሚንቶው ላይ ትታታለች! ነፋሱ በቀጥታ እሷ ላይ ነው! ስትጮህ ነበር፣ አሁን ዝም ብላለች! ቁልፉ! ቁልፉ የታለ?"

ባልዲውን ትቼው ሮጥኩ።

ማሽን ክፍሉን ከፍቼ ቫልቩን ወደ ኋላ አዞርኩት። ከዚያ ወደ ፓንዳዋ ቤት። የሚጡ ባልደረባ ያን ቀን ታሞ ቀርቷል። ደንቡ ደግሞ ሁለት ሰው ይላል፤ አንዱ እናትየውን ከልጇ የሚለየውን ተንሸራታች በር በእጀታው ዘግቶ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ልጂቱ ወዳለችበት ይገባል። እሜቴ ከበሩ ወዲያ ማዶ ነበረች፤ ውሃዋን ጠጥታ ቀርከሃ መቆርጠም ጀምራለች። በሩ ወደ ኋላ ከተመለሰ እሜቴ እህቴን ልጇ አጠገብ ታገኛታለች። ያቺ የተረጋጋች የምትመስል ወይዘሮ ክንድ የሚሰብር ጥርስ አላት፤ ቀርከሃ የሚሰብረው እሱ ነው።

"ያዢው" አለችኝ ሚጡ። "ምንም ቢሆን እንዳትለቂው።"

ያዝኩት። ወይም የያዝኩት መሰለኝ፤ ጣቶቼ ከውሃው ደንዝዘው የኔ አልመስል ብለዋል። እጀታውን ባይ እንጂ አይሰማኝም። ክንዴን ጠመዘዝኩበት፣ በትከሻዬ ደገፍኩት። ሚጡ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሮዟ ነገር ግድግዳው ሥር ተዘርግታለች፤ ሮዝነቷም ጠፍቶ ግራጫ ሆናለች። እሜቴ መቆርጠሟን አቆመች። ጆሮዋን አቀናች። በሩን በመዳፏ ገፋ አደረገችው፤ እጀታው በክንዴ ላይ ሸተት አለ። እኔም በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ "ብዪ፣ የኔ እመቤት፣ ብዪ፣ ቀርከሃሽን ብዪ" እያልኩ። ሳሾፍባት የኖርኩትን እንስሳ እግሯ ሥር ወድቄ ልለምናት ምንም አልቀረኝ።

ሚጡ ልጂቱን ይዛ ወጥታ መውጫውን ዘጋች፤ ያኔ እጀታውን ለቀቅኩት። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የሸሚዟን ቁልፍ በጥሳ ልጂቱን ጡቷ መሐል ከተተቻት።

"ስጪኝ፣ እኔም ላሙቅልሽ" አልኳት።

"እንዳትነኪያት!" ብላ ጮኸችብኝ። "በረዶ እኮ ነሽ! ማን ሙሉውን ክፈቺ አለሽ? ማን? ልትገያት ነበር!"

ከልብሴ ውሃ እየተንጠባጠበ ከበሩ ሥር ቆምኩ። አልቀረብኳት፣ አልሄድኩም። ሚጡ ወደ ደረቷ እየተነፈሰች፣ ጀርባዋን በአንድ ጣት እያሸች፣ "እማዬ፣ እማዬ፣ የኔ እናት" ትላታለች። ቆየን። እጅግ ቆየን። እህቴ እንደምታብድ የነገረችኝን አስቤ፣ ይህቺ ካበደች ያሳበድኳት እኔ ነኝ እያልኩ አንድ በአንድ የሚጡን ትንፋሽ እሰማለሁ።

ከዚያ ከሸሚዙ ውስጥ ጢው የሚል ድምጽ ወጣ። ደግሞ ሌላ። ከዚያ ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት። እሜቴ ማዶ ሆና በሩን መቧጨር ጀመረች፤ ልጇን ልትፈልግ ነው። ሚጡ ቫልቩን ከአንድ አራተኛ በታች አስከፈተችኝ፤ ልጂቱን ሞቅ እስክትል አቆይታ በዚያው በር መለሰቻት። እሜቴ አሸተተቻት። የሰው ላብ፣ የባሕር ጨው፣ ምኑም ምኑም ሸትቷት ይሆናል። ልትተዋት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከራሷ እስከ እግሯ ስትልሳት አየሁ፤ ልሳ ልሳ ስትጨርስ አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

አለቃችን መጡ። በካሜራው አይተው አጨበጨቡ፤ ፎቶ አነሱ፤ "ጀግኖች!" አሉን። ሚጡ ዞር ብላም አላየቻቸው። እኔም ወደ ገንዳዬ ሄድኩ።

ባልዲው ያለበት ነው። ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ መጥታበታለች። እጄን ስከት ለብ ብሏል፤ ሻይ ይመስላል። የዘሩ ቅጠል ጣቴ ላይ አሟለጨ። ገንዳው ውስጥ የቀረው ያልበሰለ ነው፣ ዘር የለውም፣ ቫልቩ ትንሽ ብቻ ቢከፈትም ቅዝቃዜው ለሁለቱ አልበቃ ብሎ ሙቀቱም መጥቶበታል። ነገ መሽተት ይጀምራል። አንዳች ድምጽ ሳያሰማ፣ ቅጠሉን እያወዛወዘ፣ ደህና የሆነ መስሎ ነው የሚሞተው።

ባልዲውን ይዤ ከገንዳው ጎን ወዳለችው ትንሽ ክፍሌ ገባሁ። ከውሃው አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ ማይክሮስኮፑ ሥር አኖርኩ። የኬልፕ ዘር በሕይወት ካለ ይዋኛል፤ ጭራ አለው፤ ጠብታው ውስጥ ገበያ ይመስላል። አየሁ። ቀና አልኩ። ደግሜ አላየሁም።

ሚጡ በሩ ላይ ቆማለች። የተበጠሰ ሸሚዟን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ባልዲውን አየች፤ እኔን አየች።

"ያ ነው የቆረጥሽው?" አለች።

"እሱ ነው።"

"እኔ ነኝ የጠራሁሽ።"

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አልኳት። "ዝም በይ።"

አልፋኝ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። አልከለከልኳትም። ትንሽ ቆይታ ጮኸች፤

"እትዬ! ይንቀሳቀሳል! ነይ እይው፣ ይንቀሳቀሳል!"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም በአንድ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን።

"ጠረጴዛውን ነው" አልኳት። "እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ሚጡዬ።"

እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ጭኗ መሐል ከተተችው። ትንፋሿን ይዛ እንደገና አየች። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ስሠራ አንድም ሰው ኬልፔን ይህን ያህል ጊዜ ዓይኑን ሳይነቅል አይቶት አያውቅም።

"አሁንስ?" አልኳት።

ጉንጯ ላይ እንባዋ ሲወርድ አየሁ፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንቄ ይዤው የነበረው ገነፈለብኝ፤ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ሌላ ጠብታ አምጪ፣ እትዬ" አለችኝ።

እንደማይረባ እያወቅኩ አመጣሁላት።